ከጓደኛ ጋር በኦንላይን የፊልምና የድራማ ጥያቄ ጨዋታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር አብሮ ያደገ የጓደኛ ቡድን ዛሬ አንዱ ዓባይ ማዶ፣ አንዱ ሽምብጥ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዱባይ ሆኖ ይገኛል። እኔ ያለሁበት ቡድንም እንዲሁ ነው። ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ እየተሰበሰብን በፊልምና በቴሌቪዥን ድራማ እንጠያየቃለን። "እኛም እንጀምር፣ እንዴት ነው የምትጫወቱት?" የሚል ሰው ስለበዛ ደጋግሞ የሚመጣውን ጥያቄ ከነመልሱ አሰባስቤዋለሁ።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

ጠያቂው ፍንጭ ይሰጣል፣ ሌላው ይገምታል። ፍንጩ የጽሑፍ ጥያቄ፣ ከፊልሙ የተወሰደ ምስል፣ የጥቂት ሰከንድ ድምፅ ወይም የኢሞጂ ድርድር ሊሆን ይችላል። መልሱ የፊልሙ ርዕስ፣ ተዋናዩ ወይም ገጸ ባሕርዩ ነው። እንቆቅልሽ እየተባባለ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?

ለመጀመር ቴሌግራም። ጓደኞቻችሁ ስልክ ላይ አስቀድሞ ስላለ "ይህን አውርዱ፣ እዚያ ተመዝገቡ" የሚል ጣጣ የለውም፤ የጽሑፍ ጥያቄ ዳታም አይበላም።

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ግሩፑ ውስጥ ፖል፣ ማለትም የድምፅ መስጫ፣ ከፍቶ የኩዊዝ ምርጫውን ማብራት ነው። ትክክለኛውን መልስ አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ፤ ተጫዋቹ አንዴ ከነካ በኋላ መልሱን መቀየር አይችልም፤ እስከ 200 ፊደል የሚደርስ ማብራሪያም ከመልሱ ጋር እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ይህችን ማብራሪያ ባዶ አትተዋት። የሳተው ሰው የሚማረው ከእሷ ነው። የመራጮችን ስም የሚደብቀውን ምርጫ ማጥፋትም አትርሱ፤ ካልጠፋ ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፣ ነጥብም መቁጠር አይቻልም።

ሁለተኛው ኩዊዝ ቦት የሚባለው፣ ቴሌግራም ውስጥ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ጥያቄዎቹን በተርታ ታስገባላችሁ፣ ለእያንዳንዱ የሰከንድ ገደብ ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ ወደ ግሩፑ ትልካላችሁ። ቦቱ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ ደረጃውን ያወጣል። እኩል ያገኙትን የሚለየው በፍጥነታቸው ነው።

ካሁት የሚባለው የጥያቄ ውድድር መተግበሪያም ጥሩ ነው፤ ሙዚቃው፣ ቀለሙ፣ ሽቅድምድሙ ሰው ያነቃል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ነጻው መለያ የተጫዋቹን ቁጥር ይገድባል። ሁለተኛ፣ ነጥቡ ፍጥነትን ይከተላል፦ ለአንድ ጥያቄ 1000 ነጥብ ከተመደበና 20 ሰከንድ ከተሰጠ፣ በ10ኛው ሰከንድ በትክክል የመለሰ 750 ያገኛል፤ መጨረሻዋ ሰከንድ ላይ የመለሰ ወደ 500 ይወርዳል። ኔትወርኩ የሚንቀራፈፍበት ጓደኛ መልሱን እያወቀ ይበለጣል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት እኛ ካሁትን የምንከፍተው ሁላችንም አንድ ቦታ በአንድ ዋይፋይ ስንሆን ነው። የተራራቀ ቡድን ከከፈተው ደግሞ ጥያቄው በተጫዋቹ ስልክ ላይም እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ ማብራት የግድ ነው፤ አለዚያ ተጫዋቹ የሚያየው ባለቀለም ቅርጾችን ብቻ ነው።

ተዘጋጅተው የተቀመጡ ጥያቄዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተው የለም ወይ? ለምን ራሳችን እንልፋ?

አሉ፤ ግን የእናንተ አይደሉም። አብዛኞቹ ስለ ሆሊውድ ፊልሞችና ስለ አሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታዮች ናቸው። ከመካከላችሁ አንድ ሁለት ሰው ያያቸው ይሆናል፤ የቀረው ዝም ብሎ ይነካካል፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ከግሩፑ ወጥቶ ይተኛል። የአማርኛ ፊልም ያየው ግን ሁሉም ነው። እሑድ ከሰዓት ከቤተሰብ ጋር ያየነው ድራማ፣ በመኪና ጉዞ ከሾፌሩ በላይ በተሰቀለችው ቴሌቪዥን ያለቀ ፊልም፣ ዩቲዩብ ላይ ደጋግመን የከፈትነው፣ ሁሉም የጋራ ነው። ስለ እነዚህ ጥያቄ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጥልን ስለሌለ ማዘጋጀት ያለብን እኛው ነን። ይህን ከልቤ ነው የምለው፦ ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው የጥያቄው ጥራት ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ተራ የጽሑፍ መልእክት ላይም ሰው ያስጮኻል።

ጥሩ ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?

መልሱን ከማወቅ አትጀምሩ፤ ከሰዎቹ ጀምሩ። ግሩፑ ውስጥ ማን ምን እንዳየ አስቡና ለእያንዳንዱ ጥያቄ "ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ቢያንስ አንድ ሰው አለ" ማለት የምትችሉ ሁኑ። ማንም የማይመልሰው ጥያቄ የጠያቂውን ዕውቀት ያሳይ ይሆናል እንጂ ለጨዋታው አይጠቅምም። ሁሉም የሚመልሰው ደግሞ ለመክፈቻ ይሆናል እንጂ ለመሐል አይሆንም።

ከዚያ ያላየው ሰውም የሚንጠላጠልበት ነገር ስጡት። "ድፍረትን ያዘጋጀው ማነው?" የሚለው ጥያቄ ወይ ታውቃለህ ወይ አታውቅም፤ አለቀ። እኛ የምንወደው ከከባድ ወደ ቀላል የሚወርድ አምስት ፍንጭ ነው። በመጀመሪያው ያወቀ 5 ነጥብ፣ በሁለተኛው 4፣ እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ያንኑ ፊልም እንዲህ መጠየቅ ይቻላል፦

5 ነጥብ፦ ታሪኩን የሚሸከሙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የሕግ ባለሙያ፣ አንዷ ገና ልጅ።
4 ነጥብ፦ መነሻው በእውነት የተፈጸመ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።
3 ነጥብ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ከዓለም አቀፍ ድራማዎች መካከል የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ።
2 ነጥብ፦ አንጀሊና ጆሊ በሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰርነት ስሟ አለበት።
1 ነጥብ፦ ፈሪ ሰው የሚጎድለው ነገር ርዕሱ ነው።

በዚህ አደራደር ፊልሙን ያየው በመጀመሪያው ይዘላል፣ ዜናውን የሰማው በሦስተኛው ይደርሳል፣ ምንም ያልሰማው እንኳ የመጨረሻዋን ፍንጭ ይዞ ይገምታል። ሁሉም እስከ መጨረሻው ጨዋታው ውስጥ ነው።

የምርጫ ጥያቄ ከሆነ ሥራው ያለው የተሳሳቱት አማራጮች ላይ ነው። "በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የትኛው ነው?" ብላችሁ ጤዛን፣ ድፍረትንና ላምብን ደርድሩ። ሦስቱም ውጭ አገር የተወራላቸው ስለሆኑ ሰው ያመነታል። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበው የያሬድ ዘለቀ ላምብ ነው። ማብራሪያው ላይ ደግሞ የኃይሌ ገሪማ ጤዛ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ከፍተኛውን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ መውሰዱን ጻፉ። ኃይሌ የጎንደር ልጅ በመሆኑ ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ ወሬ ይከፍታል፤ ወሬው ሲከፈት አትቁረጡት።

የምስል ጥያቄ ለማዘጋጀት ፍሬምድ ከሚባለው የድረ ገጽ ጨዋታ ተማሩ። በየቀኑ ከአንድ ፊልም 6 ምስል ያቀርባል፤ የመጀመሪያው ምንም የማይናገር ጥግ፣ የመጨረሻው ዋናውን ተዋናይ የሚያሳይ ነው። ስክሪን ሾት ስታነሱም እንዲሁ አድርጉ፦ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል፣ ቀጥሎ መኪናው፣ ቀጥሎ ከኋላ የታየ ሰው፣ ፊት መጨረሻ። የፊልሙ ስም ወይም የቻናሉ ምልክት ጥግ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ከመላካችሁ በፊት ቁረጡት።

በኢሞጂ የሚሠራ የአማርኛ ርዕስ አለ?

ብዙ። በረዶና እሳት ጎን ለጎን ስትልኩ ቀዝቃዛ ወላፈን ይላችኋል። ቅጠልና የውኃ ጠብታ ጤዛ ነው። ሰው፣ ቀስት፣ ሰው ደግሞ ሰው ለሰው። የአማርኛ ርዕስ ብዙ ጊዜ በሁለት የሚጋጩ ነገሮች ላይ ስለሚቆም ለኢሞጂ የተመቸ ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ማታ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ዓመት መጠየቅ ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፤ ግን የዘመን አቆጣጠሩን ሳይጽፉ መጠየቅ የጠብ ምንጭ ነው። ጤዛ ቬኒስ ላይ የተሸለመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ገና 2000 ዓ.ም. አላለቀም ነበር። ድፍረት ሰንዳንስ ላይ ያሸነፈው በ2014 ነው፤ በእኛ ጥር 2006። "በስንት ዓመት?" ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ቁጥር ብሎ ሁለቱም ልክ ይሆናሉ። አማራጮቹ ላይ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ብላችሁ ጻፉ። ትክክለኛ ዓመት ከመጠየቅ "የቱ ይቀድማል?" ማለትም ይሻላል፤ ቁጥር ያልያዘ ሰውም አስቦ ሊደርስበት ይችላል።

መልሱን በአማርኛ ስንጽፍ ማሽኑ "ስህተት" ይለናል። ምን እናድርግ?

ጽሑፍ የሚያወዳድር መተግበሪያ ፊደል በፊደል ነው የሚያየው። ባሕር ዳርን "ባህር ዳር" ብሎ የጻፈ ለእሱ ሌላ ከተማ ጠርቷል። ኂሩት፣ ሒሩት፣ ሂሩት ሦስት ሰዎች ይሆኑበታል። ከጓደኞቻችን ግማሹ ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ስለዚህ የሚጻፍ መልስ ያለበትን ዙር ለማሽን አትስጡ፤ ሰው ይዳኘው፣ ድምፁ ከተስማማ ይቀበለው። ማሽን የሚቆጥረውን ዙር በምርጫ አድርጉት።

ጎግል እያደረገ የሚመልስ አለ። እንዴት እንከላከል?

ሰዓቱን አሳጥሩ። ለምርጫ ጥያቄ 15 ሰከንድ ለሚያውቅ ሰው ይበቃል፣ ለሚፈልግ ሰው አይበቃም። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ተጽፎ የማይገኝ ነገር መጠየቅ ነው፦ በዚያ ትዕይንት ጠረጴዛው ላይ ምን ነበር፣ በሩን ማን ከፈተ፣ ልጅቷ ስትመለስ ምን ዓይነት ሻንጣ ይዛ ነበር። የአማርኛ ፊልም ኢንተርኔት ላይ ብዙም ስላልተጻፈለት እዚህ ላይ ለእኛ ጥቅም ሆኖናል። ያየ ብቻ ይመልሳል።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወይም መብራት ሲጠፋስ?

የጠያቂው መብራት ከጠፋ ጨዋታው እንዳይቆም ጥያቄዎቹ አስቀድመው ለሌላ አንድ ሰው ተልከው ይቀመጡ። ያ ሰው በዚያ ማታ አይጫወትም፤ ዳኛ ይሆናል። የቪዲዮ ጥሪ አትክፈቱ፤ ሰው መስማት ከፈለጋችሁ የግሩፑ የድምፅ ጥሪ ይበቃል። "ቀድሞ የጮኸ ያሸንፋል" የሚለውን ሕግ ለኦንላይን ተዉት፤ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ዘግይቶ ስለሚደርስ ፍትሕ የለውም። ይልቅ ሁሉም መልሱን ጽፎ ይጠብቅ፣ ጠያቂው "ላኩ" ሲል በአንድ ላይ ይላክ፤ ከዚያ ትክክል የመለሰ ሁሉ እኩል ያገኛል።

ዳታ ጭራሽ በማይኖርበት ጊዜም መጫወት ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ በተቋረጠባቸው ረጅም ወራት ጨዋታውን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቀጥለነው ነበር። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ይህ ገደብ ራሱ ጥያቄ መጻፍ አስተምሮናል፦ ቃል አይባክንም፣ ፍንጩ አንድ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ያን ጊዜ የተጻፉት ጥያቄዎች ዛሬም ከምወዳቸው መካከል ናቸው።

ውጭ ካሉት ጋር ሰዓት አልገጣጠም ብሎናል።

"ማታ 2 ሰዓት" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ ውጭ የቆየ ሰው ሌሊት ይመስለዋል። በሁለቱም ጻፉት፦ ማታ 2 ሰዓት፣ 20፡00። በዚያ ሰዓት ዱባይ ሁልጊዜ 21፡00 ነው። ጀርመን በበጋቸው 19፡00፣ በክረምታቸው 18፡00፤ ዋሽንግተን በበጋቸው 13፡00፣ በክረምታቸው 12፡00 ነው። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ በተቀየረበት ሳምንት አንድ ሰው መቅረቱ አይቀርም፤ ቀድማችሁ አስታውሱት። ትልቅ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ያለበትን ማታ ደግሞ ከነጭራሹ አትያዙት።

መልሱ ላይ ክርክር ቢነሣ ማን ይዳኛል?

የዚያ ማታ ዳኛ የወሰነው ለዚያ ማታ ይጸናል። በማግስቱ ማስረጃ ያመጣ ሰው ነጥቡ ይመለስለታል። ማስረጃ ስል የፊልሙን የመጨረሻ ስም ዝርዝር ማለቴ ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን። ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ነገር ማስረጃ አይደለም።

ብዙ ክርክር የሚመጣው ከስም ነው። ተመልካች ተዋናዩን የሚያውቀው በገጸ ባሕርዩ ስም ነው፤ ድራማው ካለቀ ከዓመታት በኋላም በዚያው ስም ይጠራዋል። ስለዚህ ጥያቄው ላይ "የተዋናዩን እውነተኛ ስም" ወይም "በድራማው ውስጥ ያለውን ስም" ብላችሁ ለዩ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን የሚታዩት የውጭ ድራማዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፦ የአማርኛ ርዕስና የመጀመሪያ ርዕስ አላቸው፤ ፊቱ የአንድ ሰው፣ የአማርኛ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። የአማርኛውን ርዕስ ብቻ እንቀበላለን፤ ድምፁን የሰጠውን ባለሙያ ስም ያወቀ ግን እኛ ዘንድ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ስማቸው ብዙም ለማይጠራ ባለሙያዎች ይህ ሲያንስ ነው።

እናትና አባቴን ማስገባት እፈልጋለሁ። ይከብዳቸዋል?

ጥያቄው በድምፅ መልእክት ከሆነ በጭራሽ። እንዲያውም ይበልጧችኋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የነበረውን ያስታወሱ አያቶች ገጥመውኛል። ያ ዓመት የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ኂሩት አባቷ ማነው የታየበትም ነው። ስለ አባባ ተስፋዬ የልጆች ተረት፣ በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ስላየው ድራማ ጠይቋቸው። ለእነሱ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ታሪኩን እስኪጨርሱ ስሙ። "አንተ" "አንቺ" ብሎ የሚጠይቀውን ቦትም ለዚያ ማታ ዝጉትና እናንተው "እማማ፣ ይህን ያስታውሱታል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለቤተሰብ የሚስማማ ሌላ አሠራር በኢቢኤስ የሚታየው የቤተሰብ ጨዋታ ዓይነት ነው። ቀድማችሁ በግሩፑ ፖል "በአማርኛ ድራማ ውስጥ አማት ስትናደድ ምን ታደርጋለች?" ዓይነት ጥያቄ በትኑ፤ በጨዋታው ማታ ብዙ ሰው የመረጠውን መልስ የገመተ ያሸንፋል። ማንም አያፍርም፤ ትክክለኛው መልስ የሰዉ መልስ ነውና።

ድራማውን ገና ያልጨረሰ ሰው ካለ?

ጥያቄ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። መጨረሻውን የሚያጋልጥ መልስ ከሆነ በቴሌግራም ጽሑፉን መርጣችሁ መሸፈኛውን አድርጉበት፤ የፈለገ ብቻ ነክቶ ያነበዋል። ለምስልም ይሠራል።

ለተሸናፊ ምን ቅጣት ይሁን?

ከእንቆቅልሽ የተሻለ ቅጣት አላገኘንም። "እንቆቅልሽ" "ምን አውቅልህ" ተባብሎ ያልመለሰ ሰው "አገር ስጠኝ" ይባላል፤ ከተማ ይሰጣል። እኛም ነጥብ ከመቁጠር ጎን ለጎን ከተማ እንቆጥራለን። የሳተ ሰው አንድ ከተማ ይለቃል፣ ያሸነፈው ይረከባል፣ አንዴ የተሰጠ ከተማ ድጋሚ አይሰጥም። በመጀመሪያ ጎንደርና ደሴ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ ዘጌ። ባሕር ዳርን መስጠት የሚፈልግ ማንም ስለሌለ እሷ እስከ መጨረሻው ትቀራለች፤ የመጨረሻው ዙር የሚካሄደው በእሷ ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ላለነው ደግሞ ተጨማሪ አለን፦ ከተማዋን ያጣ ቅዳሜ ጣና ዳር የተጠበሰ ዓሣ ይጋብዛል።

በብር ብንወራረድስ?

አይሆንም። ብር ሲገባ ዳኛው ጠላት ያተርፋል፣ ጎግል የሚያደርገውም ይበዛል።

በአንድ ማታ ስንት ጥያቄ ይበቃል?

ከ15 እስከ 20። ሁለት ዙር ምርጫ፣ አንድ ዙር ምስል ወይም ኢሞጂ፣ አንድ ባለአምስት ፍንጭ። ሰው "አንድ ድገም" እያለ ሳለ መዝጋት ይሻላል።

ጠያቂው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው?

በፍጹም መሆን የለበትም። አንድ ሰው ብቻ የሚጠይቅበት ግሩፕ ውስጥ ጥያቄው ሁሉ የዚያ ሰው ምርጫ ይሆናል፤ አክሽን የሚወድ አክሽን፣ የፍቅር ፊልም የሚወድ የፍቅር ፊልም ብቻ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ያሸነፈ ሰው የሚቀጥለውን ሳምንት ጠያቂ ነው። ጥያቄዎቹን እስከ ሐሙስ ለዳኛው ይልካል፤ ዳኛው መልሶቹን ከፊልሙ ጋር ያመሳክራል፣ የማይመለስ ከሆነበት "ይህን ቀይር" ይለዋል። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ያሸነፈ ካለ ግን ጥያቄውን የሚያዘጋጀው መጨረሻ የወጣው ነው፤ ሲያዘጋጅ የሚያያቸው ፊልሞች ለቀጣዩ ዙር ያግዙታል።